አፍንጫ የማይለየው የቆሻሻ ጭስ

ዛሬ ስለ ቆሻሻ ጭስ እንነጋገራለን።

በንፋስ ስልክ ላፍቶና በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተሞች አዋሳኝ የሚገኘውን ቆሼን የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ ጥቂት ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም የቆሻሻው ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ነጥቆናል። ከዚያው አጠገብ የተገነባው የረጲ ደረቅ ቆሻሻ ኃይል ማመንጫ ደግሞ ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም ተመርቋል። የታቀደውም በቀን እስከ 1 ሺህ 400 ቶን ቆሻሻ እያቃጠለ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ ነው።

ቆሻሻ ሲቃጠል ከሚወጡት ጋዞች አንዱ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ነው። በምግብ ትራፊ፣ በቆዳና በሱፍ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ይፈጠራል፤ እሳቱ እጅግ ሲግል የአየሩም ናይትሮጅን ይጨመርበታል። ጋዙ የመተንፈሻ አካልን ያስቆጣል፣ አስምንም ያባብሳል። በይበልጥ የሚጎዱት ሕፃናት፣ አረጋውያንና የሳንባ ሕሙማን ናቸው።

ለመሆኑ በማቃጠያ ጣቢያዎች እንዴት ይቀነሳል? በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት ዘዴ የዩሪያ ወይም የአሞኒያ ውህድን በጋለው ጭስ ላይ መርጨት ነው። ዩሪያ ገበሬው ለማዳበሪያ የሚጠቀምበት ያው ነው። ሙቀቱ ከ850 እስከ 1 ሺህ 50 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን፣ መርዛማው ጋዝ ወደ ተራ ናይትሮጅንና የውኃ ትነት ይለወጣል። ሙቀቱ ካነሰ አሞኒያው ሳይሠራ ያመልጣል፤ ከበዛ ደግሞ ራሱ አሞኒያው ወደ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይቀየራል። ስለዚህ ሙቀቱንና ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን ጋዝ ያለማቋረጥ መለካት ግድ ነው።

በደጃፍ ላይ በሚነድ ቆሻሻ ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የለም። ጭሱም ከረጅም ማውጫ ሳይሆን በአፍንጫችን ልክ ይወጣል። ላስቲክ ከተጨመረበት ሌሎች መርዞችም ይከተላሉ።

ስለዚህ፦

• ቆሻሻን በግቢ ወይም በመንገድ ዳር አያቃጥሉ፤ ለይተው ለሰብሳቢ ማኅበራት ያስረክቡ።
• ጎረቤት ጭስ ሲያስነሳ መስኮት ይዝጉ፤ ልጆችን ያርቁ። መስኮት ዘግተው ግን ከሰል አያቀጣጥሉ።
• በጨርቅ አፍንጫን መሸፈን ጋዙን አያስቀርም።
• የአስም ሕመም ካለብዎ በሐኪም የታዘዘልዎን የሚሳብ መድኃኒት ከእጅዎ አይለዩ።
• ትንፋሽ አጥሮዎት አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተዎ ወይም ከንፈርዎ ከጠቆረ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።