ብቻዋን የምትለብሰው ቀሚስ

ለልክ የመጣች ደንበኛ መስታወት ፊት ስትቆም ትንፋሿን ትይዛለች፣ ሆዷን ታስገባለች። እኔ ግን «እህቴ፣ እስቲ ቁጭ በይ፤ እጅሽንም ወደ ላይ አንሺ» እላለሁ። ብዙ የሚያምር ልብስ ጉዱ የሚወጣው ያኔ ነው። ቆመው ሲያዩት ያማረው ብብት ላይ ይይዛል፣ ጭን ላይ ይወጠራል። ዚፑ ከጀርባ ከሆነማ ያለ ሰው እርዳታ አይዘጋም። ብቻዋን የምትኖር ሴት ማንን ትጥራ?

ክሌር ማካርዴል የምትባል አሜሪካዊት የልብስ ዲዛይነር ይህን ቀድማ አስባበታለች። የእሷን ሥራ ሳውቅ የተሰማኝ ደስታ ዛሬም አልበረደም። የተወለደችው እኔ በምሠራበት በሜሪላንድ፣ ፍሬድሪክ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። ፓሪስ ስትማር የፈረንሳዊቷን ዲዛይነር የማድሌን ቪዮኔን ልብሶች ገዝታ ስፌታቸውን እየፈታች ቅዳቸውን አጠናች። ሙያ እንዲህ ነው የሚገኘው። በኋላ የራሷን ስትሠራ ዚፑን ወደ ጎን አመጣችው፤ ቀሚስ ላይም እጅ የሚያስገባ እውነተኛ ኪስ አደረገች።

በ1938 ያወጣችው ቀሚስ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ወገብ የለውም፤ ከትከሻ ዝም ብሎ ይወርዳል። ወገቡ የት እንደሚሆን በቀበቶ የምትወስነው ለባሿ ናት። የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ መቀነት ያሰረች ሁሉ ይህን ታውቀዋለች፤ ስትወፍር ታላላለች፣ ስትቀጥን ታጠብቃለች። እንዲህ ያለ ልብስ ቀላል ይመስላል እንጂ ለሰፊው ከባድ ነው። ክብደቱን በሙሉ የሚሸከመው ትከሻው ስለሆነ፣ እዚያ ላይ ትንሽ ከተዛነፈ ጫፉ ድረስ ይዛባል።

በ1942፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ የቤት ሠራተኞች ወደ ፋብሪካ ሲሄዱ እመቤቶች ራሳቸው ወጥ ቤት ገቡ። እሷም በፊት ለፊት ተደራርቦ የሚታሰር ቀሚስ ከጂንስ ጨርቅ ሠራችላቸው፤ ትኩስ ድስት መያዣ ጓንት ሳይቀር አብሮት ነበር። ዋጋው 6 ዶላር ከ95 ሳንቲም። ልፋት ያለበትን ቤት አይታ፣ ለዚያ ቤት ያማረ ልብስ መሥራቷን አከብርላታለሁ።

አሁን አሁን የሐበሻ ቀሚስ ሰውነት ላይ እንዲጣበቅ፣ ዚፑም ከጀርባ እንዲሆን የሚያዙኝ በዝተዋል። እኔ እከራከራለሁ። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ድሩና ማጉ ላላ ያለ ነው፤ ካጠበቁት ስፌቱ አጠገብ ክሩ እየተንሸራተተ ይሳሳል። የጀርባው ዚፕ ደግሞ ጥበቡን መሀል ለመሀል ይሰነጥቀዋል። በጎን ሲሆን ጥበቡ ሳይነካ ይቀራል፣ ለባሿም እጇን ዘርግታ ራሷ ትዘጋዋለች። ኪስም እጨምራለሁ። ነጭ የኪስ ጨርቅ ከነጭ ሸማ ሥር ጎልቶ ስለሚታይ፣ የለባሿን ቆዳ የሚመስል ቀለም መርጬ ነው የምሰፋው።