ቢላ የት ላይ ይጠቅማል? የሴቶች መካንነትና ቀዶ ሕክምናው

እንግሊዛዊው የማህፀን ሐኪም ፓትሪክ ስቴፕቶ ስለ ላፓራስኮፒ መጽሐፉን በ1967 ሲያሳትም (ዘመኑ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ብዙ የሙያ ባልደረቦቹ ነገሩን በጥርጣሬ ነበር ያዩት። በእምብርት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ፣ ሆድ ሳይከፍቱ ማህፀኑንና ኦቫሪውን ማየት ያኔ እንደ ቅብጠት ይቆጠር ነበር። አሥር ዓመት ቆይቶ ግን ስቴፕቶ በዚያው መሣሪያ ከሌዝሊ ብራውን ኦቫሪ አንዲት እንቁላል ቀድቶ አወጣ። የሌዝሊ የማህፀን ቱቦዎች ተዘግተው ስለነበር እንቁላሏ ከሰውነት ውጭ ከዘር ጋር ተገናኝታ ወደ ማህፀኗ ተመለሰች፤ ዛሬ አይቪኤፍ የሚባለው ዘዴ ነው። በሐምሌ 1978 ልጇ ሉዊዝ ስትወለድ፣ አንድ ቀዶ ሐኪም በገዛ መሣሪያው የገዛ ሙያውን ትልቁን ሥራ ነጠቀው ማለት ይቻላል፤ የተዘጋ ቱቦ ካልተጠገነ መውለድ የለም የሚለው ነገር በዚያ ቀን አበቃ።

ከዚያ ወዲህ የመካንነት ቀዶ ሕክምና ታሪክ በአብዛኛው የመጥበብ ታሪክ ነው። አንዳንዱ ቀዶ ሕክምና ጨርሶ ቀርቷል፣ አንዳንዱ ለጥቂቶች ብቻ ተወስኗል፣ አንዳንዱ ደግሞ ዛሬም ምትክ አልተገኘለትም። አንዲት ሴት ወይም ባለቤቷ ሊያውቁት የሚገባው የትኛው የትኛው እንደሆነ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት መካንነት የሚለው፣ ጥንዶች ያለ መከላከያ አዘውትረው እየተገናኙ 12 ወርና ከዚያ በላይ እርግዝና ሳይመጣ ሲቀር ነው። ድርጅቱ በ2023 ባወጣው ግምት ከስድስት አዋቂዎች አንዱ በዕድሜው ዘመን ይገጥመዋል። ሴቷ 35 ዓመት ካለፋት ዓመት መጠበቅ አይመከርም፤ ስድስት ወር ይበቃል። ከሁሉ በፊት ደግሞ የባል ዘር ይመርመር። ርካሽ ነው፣ አያምም፣ ውጤቱም ቶሎ ይደርሳል። እኛ ዘንድ ግን ሚስት ራጅ ተነሥታ፣ ሆርሞን ተለክታ፣ ኦፕራሲዮን ክፍል በር ላይ ደርሳ ባልየው ገና «እኔ ደህና ነኝ» የሚልበት ጊዜ ብዙ ነው። የባልን የዘር ምርመራ ሳያይ ቢላ የሚያነሣ ሐኪም ካለ ምክንያቱን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ቱቦ ክፍት መሆኑ የሚታወቀው በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው በማህፀን በር በኩል ፈሳሽ እየገባ የሚነሣ ራጅ ነው። ችግሩ፣ ቱቦው በዚያች ቅጽበት ከተኮማተረ ሳይዘጋ የተዘጋ መስሎ ይታያል፤ ስለዚህ በአንድ ራጅ ብቻ «ቱቦሽ ዝግ ነው» መባል የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። ሁለተኛው በላፓራስኮፒ ነው። ታካሚዋ ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቷት፣ ከታች በማህፀን በር ሰማያዊ ቀለም ይገፋል፤ ሐኪሙ በስክሪኑ ላይ የቱቦውን ጫፍ ይጠብቃል። ደህና ከሆነ ቀለሙ ከጫፉ ዘርፍ መካከል ጠብ ጠብ ይላል። ዝግ ከሆነ ቱቦው እየተነፋ፣ ሰማያዊ እየሆነ ይሄዳል እንጂ የሚወጣ ነገር የለም። በዚያው አጋጣሚ መጣበቅ (በጠባሳ የተያያዘ አካል) ካለ መፍታት ይቻላል፤ ምርመራውና ሕክምናው አንድ ላይ ያልቃሉ።

የቱቦ ጉዳይ ለአፍሪካ ልዩ ክብደት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1980ዎቹ መጀመሪያ በ25 አገሮች ጥንዶችን ባስመረመረበት ጥናት፣ ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች የሴቶች መካንነት በአብዛኛው ከኢንፌክሽን ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል። ጨብጥ፣ ክላሚዲያ፣ ንጽሕና የጎደለው ውርጃ፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ኢንፌክሽን፣ የማህፀን ቲቢ ሁሉም የሚያርፉት ቱቦ ላይ ነው።

ጥገናው የሚወሰነው በተዘጋበት ቦታ ነው። ከማህፀን መነሻው ላይ ከሆነ አንዳንዴ በቀጭን ሽቦ ሳይቀደድ ይከፈታል። ጫፉ ላይ ከሆነ ዘርፉ ይፈታል፣ ወይም አዲስ አፍ ይበጅለታል። ስዊድናዊው ኩርት ስዎሊን፣ የለንደኑ ሮበርት ዊንስተን፣ የቫንኩቨሩ ቪክተር ጎሜል በ1960ዎቹ መጨረሻና በ70ዎቹ ይህን ሥራ በማይክሮስኮፕ ሥር ከፀጉር በቀጠነ ክር መሥራት አስለመዱ። ዛሬም በተለይ ቱቦዋን አስቋጥራ ሐሳቧን ለቀየረች ወጣት ሴት ከዚህ የተሻለ ብዙ አማራጭ የለም፤ አንዴ ከተሳካ ደጋግማ ልትወልድ ትችላለች። ውስጡ በኢንፌክሽን የተበላ ቱቦ ግን ቢከፈትም ሥራውን አይሠራም፤ ጽንሱ እዚያው ቀርቶ ከማህፀን ውጭ እርግዝና ሊሆን ይችላል። የተጠገነ ቱቦ ያላት ሴት የወር አበባዋ ሲቀር ሳትዘገይ በአልትራሳውንድ የምትታየው ለዚህ ነው።

ለታካሚ ማስረዳት የሚከብደው ግን ሌላው ነው፤ ውሃ የቋጠረ ቱቦ። ጫፉ ተዘግቶ ፈሳሽ የሞላው ቱቦ ፈሳሹን ወደ ማህፀን መልሶ ያፈሳል፣ የአይቪኤፍንም ዕድል ወደ ግማሽ ያወርደዋል። ስለዚህ አይቪኤፍ ከመጀመሩ በፊት ቱቦው ይቆረጣል ወይም ይቆነጠጣል። ልጅ ፍለጋ የመጣች ሴት «መጀመሪያ ቱቦሽን እናውጣ» ስትባል የሚሰማትን መገመት አይከብድም። ሆኖም በዚህ ሁሉ መስክ ውስጥ ማስረጃቸው ጠንካራ ከሆኑት ቀዶ ሕክምናዎች አንዱ ይኸው ነው።

ማህፀን ውስጥ ሲገባ ዋናው ማዮማ፣ ማለትም ካንሰር ያልሆነ የማህፀን ጡንቻ ዕጢ፣ ነው። ማዮማ ሁሉ እኩል አይደለም። ወደ ማህፀኑ ክፍተት የገባው ጽንስ እንዳይጣበቅ ያደርጋል፣ በማህፀን በር በሚገባ ካሜራ፣ በሂስትሮስኮፒ፣ ያለ ስፌት ተልጦ ይወጣል። በውጭ የተንጠለጠለው በመጠኑ ቢያስደነግጥም መካንነትን አያመጣም። በግድግዳው ውስጥ ያለው ደግሞ አከራካሪ ነው። አልትራሳውንድ ላይ «ማዮማ አለ» መባሉ ብቻ የኦፕራሲዮን ምክንያት ሊሆን አይገባም፤ ቀዶ ሕክምናው ራሱ መጣበቅ አምጥቶ ደህናውን ቱቦ ሊዘጋ ይችላልና። ማዮማውን ብቻ አውጥቶ ማህፀኑን ማትረፍን ካስፋፉት ዋነኛው እንግሊዛዊው ቪክተር ቦኒ ነበር። የገዛ ሚስቱ ማህፀኗን በማዮማ ምክንያት አጥታ ልጅ ሳይወልዱ ቀርተዋል።

ፖሊፕና በጠረጋ ምክንያት የሚመጣው የማህፀን ውስጥ ጠባሳም በሂስትሮስኮፒ ይነሣሉ። ጠባሳውን ጆሴፍ አሸርማን በ1948 በዝርዝር ስለገለጸው በስሙ ይጠራል፤ ከተፈታም በኋላ ተመልሶ የመጣበቅ ጠባይ አለው። ማህፀንን ለሁለት የሚከፍለውን መጋረጃ መቁረጥ ለዓመታት ያለ ክርክር ሲሠራ ቆይቶ፣ በ2021 የታተመ በኔዘርላንድስ የተመራ ጥናት በተቆረጠላቸውና ባልተቆረጠላቸው ሴቶች መካከል በመውለድ ረገድ የጎላ ልዩነት አላገኘም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ 80 ሴቶችን ለማግኘት ስምንት ዓመት ፈጅቷል። ቢሆንም የሐኪሞችን እጅ ያዝ አድርጓል።

ኦቫሪ ላይ ታሪኩ ጥሩ ትምህርት አለው። የቺካጎዎቹ ስታይንና ሌቨንታል በ1935 ዛሬ ፒሲኦኤስ የምንለውን፣ እንቁላል በወቅቱ የማይለቀቅበትን ሕመም ሲገልጹ፣ ከሁለቱም ኦቫሪ ሰፋ ያለ ክፍል ቆርጠው በማውጣት የወር አበባ መመለሱን ዘገቡ። ለአሥርት ዓመታት ተሠራ፤ መጣበቅ አስከተለ፤ ክሎሚፊን የሚባለው ክኒን ሲመጣ ቀረ። በ1984 ኖርዌያዊው ዮነስ በላፓራስኮፒ ኦቫሪውን በኤሌክትሪክ መርፌ መብሳትን አቀረበ፤ የተለመደው በእያንዳንዱ ኦቫሪ አራት ቦታ፣ ለአራት አራት ሰከንድ ነው። አሁን መጀመሪያ የሚሰጠው ሌትሮዞል ነው፤ መብሳቱ ክኒን እምቢ ላለው ይቆያል።

ኢንዶሜትሪዮሲስ፣ የማህፀን ሽፋን መሰል ሥጋ ከማህፀን ውጭ የሚበቅልበት ሕመም፣ ከዚህ ይለያል። በ1997 የታተመ የካናዳ ጥናት ቀላል ደረጃ ላይ ያለውን በላፓራስኮፒ ማቃጠል የእርግዝናን ዕድል በዘጠኝ ወር ገደማ ከ18 ወደ 31 በመቶ እንዳሳደገ አሳይቷል። ኦቫሪ ላይ ቋት ሠርቶ ቸኮሌት ሲስት ሲሆን ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ሲስቱ ሲላጥ ደህና እንቁላሎችም አብረው ይሄዳሉ። በ38 ዓመቷ ሁለቱንም ኦቫሪ የተላጠች ሴት ያተረፈችው ጥቂት ሊሆን ይችላል።

የማህፀን ንቅለ ተከላን በአጭሩ፦ በ2014 በጎተንበርግ፣ በማትስ ብራንስትሮም ቡድን፣ ያለ ማህፀን የተወለደች ሴት ከ61 ዓመት ወዳጇ በተለገሰላት ማህፀን ወልዳለች። ድንቅ ነው፤ ለብዙዎች ግን ሩቅ ነው።

ለእኛ ቅርቡ ጥያቄ ጥገና ወይስ አይቪኤፍ የሚለው ነው። በ2019 በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመንግሥት የአይቪኤፍ ማዕከል ሥራ ጀምሯል፤ ሆኖም አዲስ አበባ ለጂማ ወይም ለደሴ ሴት የጉዞ፣ የማደሪያና የመድኃኒት ወጪ ማለት ነው፤ ባልተሳካ ቁጥርም ወጪው ይደገማል። በ28 ዓመቷ ጫፉ ላይ ብቻ ለተዘጋ ቱቦ ጥገና ሚዛን የሚደፋው ለዚህ ነው። በ39 ዓመቷ ጥገና እስኪሠራ መጠበቅ እንቁላል ማባከን ነው።

ከኦፕራሲዮን በኋላ ደግሞ አንድ ወረቀት አለ፤ ሐኪሙ ምን እንደቆረጠ፣ ምን ያህል ጥልቀት እንደገባ የጻፈበት። ማዮማ ከግድግዳው ጠልቆ የወጣላት ሴት ለማርገዝ ጥቂት ወራት ትጠብቃለች፤ ስፌቱ ምጥ ላይ ሊፈታ ስለሚችልም አብዛኛውን ጊዜ በቀዶ ሕክምና እንድትወልድ ይመከራል። ያን ወረቀት ሳትይዝ ምጥ ከያዛት፣ አዋላጇ ጠባሳውን ሆዷ ላይ አይታ የማህፀኑን ማወቅ አትችልም።