በር አንኳኪዎቹ

በእንግሊዝ ለአካባቢ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ቦርሳ ቢፈተሽ፣ ከበራሪ ወረቀቱ ሥር የእንጨት ማማሰያ ቢገኝ አይግረማችሁ። የዚያ አገር ቤት በሩ ላይ ለፖስታ የተተወች ጠባብ ቀዳዳ አለችው። ክዳኗ በስፕሪንግ ይነክሳል፤ ከውስጥ ብሩሽ ይገጠምባታል፤ ከብሩሹ ጀርባ ደግሞ ውሻ ሊኖር ይችላል። ወረቀቱን በጣቱ የሚገፋ ጀማሪ ነው። የለመደው በማማሰያ ይገፋል።

ምክር ቤቱ የሰፈር ጉዳይ ነው የሚይዘው፦ ቆሻሻ ማንሳት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የመኪና ማቆሚያ፣ የመንግሥት ኪራይ ቤቶች። ለንደን ብቻዋን 32 የክፍለ ከተማ ምክር ቤቶች አሏት፤ በየአራት ዓመቱ፣ በሜይ ወር የመጀመሪያ ሐሙስ ይመረጣሉ። አባላቱ ደመወዝ የላቸውም፤ አበል ነው የሚያገኙት። ዕጩ መሆን ቀላል ነው፤ ሁለት የሠፈር መራጮች ከፈረሙለት ይበቃል፣ ማስያዣ ገንዘብ አይጠየቅም። ገንዘብ ማፍሰስ ግን አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ከፍ የተደረገው ጣሪያ 960 ፓውንድ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ መራጭ 8 ሳንቲም ይጨመርበታል። 10,000 መራጭ ባለበት ቀበሌ 1,760 ፓውንድ መሆኑ ነው። የቴሌቪዥን ማስታወቂያ መግዛትም ለማንኛውም ፓርቲ ክልክል ነው። የቀረው እግር ብቻ ነው።

አመሻሽ ላይ፣ ሰው ከሥራ ሲመለስ፣ አምስት ስድስት ሰዎች አንድ ማዕዘን ላይ ይገናኛሉ። አንደኛው የመራጮችን ዝርዝር በሰሌዳ ወይም በስልክ ይዞ መሃል መንገድ ይቆማል። «አንተ 14፣ አንቺ 16» እያለ ያሰማራል። የተላከው ያንኳኳና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፤ በር ላይ መጋረጥ ነውር ነው። ተከፈተ። ዕጩው ስለ ፓርቲው ሊያወራ አፉን ሲከፍት፣ ባለቤትየዋ በጣቷ መንገዱን ታሳያለች፦ «ያቺን ጉድጓድ መጀመሪያ ድፈኑልኝ!» ጉድጓዷ ትመዘገባለች፤ ማንን እንደምትመርጥም ትጠየቃለች። ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሶ «14 የእኛ ናት» ይላል፤ ሰሌዳ ያዡ ከስሟ ጎን ምልክት ያኖራል።

እንግዳ ተመልካች ይህ ሁሉ ልፋት ሰውን ለማሳመን ይመስለዋል። በአብዛኛው ቆጠራ ነው። ማን የእኛ፣ ማን የእነሱ፣ ማን ገና እንዳልወሰነ ማወቅ ነው የተፈለገው። ስለዚህ የተቀናቃኝ ደጋፊ በር ላይ ቆሞ ሩብ ሰዓት የሚከራከር ቀስቃሽ በጓዶቹ ዘንድ አይመሰገንም፤ በዚያች ሩብ ሰዓት ስንት በር በተንኳኳ!

ግቡ የሚል እምብዛም የለም። ለእኛ ሰው ይከብዳል፤ ደጅ አቁሞ ማነጋገር እንደ ንቀት ነው የሚቆጠረው። እዚያ ግን ማንም አይከፋም። ባለቤቱ ለዕጩው ሻይ ቢያቀርብ ችግር የለውም፤ ዕጩው ድምፅ ለማግኘት ብሎ መራጭን ቢጋብዝ ግን እ.ኤ.አ. የ1983ቱ የምርጫ ሕግ ወንጀል ይለዋል።

በምርጫው ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት፣ ጣቢያው ደጃፍ ላይ የፓርቲያቸውን ቀለም ሪባን ደረታቸው ላይ የሰኩ ሰዎች ይቀመጣሉ። የሚገባውን ወይም የሚወጣውን መራጭ የመዝገብ ቁጥሩን ይጠይቁታል፤ መመለስ ግዴታ አይደለም። ቁጥሩ ወደ አንድ ደጋፊ ሳሎን ይላካል። እዚያ የመረጡት ይሰረዛሉ፤ «የእኛ» ተብለው ገና ያልመጡት በር ደግሞ እንደገና ይንኳኳል። በእነዚህ ምርጫዎች ብዙ ጊዜ ከሦስት መራጭ አንዱ ያህል ነውና የሚወጣው፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ከሶፋው የተነሣ አንድ ሰው ዋጋ አለው። ኖርዘምበርላንድ ውስጥ ሳውዝ ብላይዝ የተባለው ቀበሌ እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለት ዕጩዎቹ እኩል ድምፅ አግኝተው ደጋግሞ ቢቆጠርም አልለይ አለ። በመጨረሻ ዕጣ ወጣ፤ የሊበራል ዴሞክራቷ ቀናት። ዕጣው የከዳቸው ወግ አጥባቂዎች ከኖርዘምበርላንድ ምክር ቤት 67 ወንበር 33 ይዘው ቀሩ፤ ለአብላጫ አንድ ጎደላቸው። ያን ቀን ከቤት ሳይወጡ የቀሩ ደጋፊዎቻቸው ምን እንዳሉ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

በሩ የሚንኳኳው መዝገብ ላይ ስሙ ላለ ብቻ ነው፤ እዚህ ላይ ነው ነገሩ ወደ እኛ ሰው የሚመጣው። ለንደን የሚኖር ኬንያዊ ወይም ናይጄሪያዊ አገሩ የኮመንዌልዝ አባል ስለሆነች ይመርጣል። ጎረቤቱ ኢትዮጵያዊ ግን ዜግነት እስኪቀይር አይመርጥም። ስኮትላንድና ዌልስ ይህን ለውጠዋል፤ በሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ የሚኖር የውጭ ዜጋ፣ ከ16 ዓመቱ ጀምሮ፣ ለአካባቢ ምክር ቤት መምረጥ ይችላል። ግላስጎው፣ ኤደንብራና ካርዲፍ ያላችሁ፣ ቀጣዩ የአካባቢ ምክር ቤት ምርጫችሁ እ.ኤ.አ. በሜይ 2027 ነው። መዝገቡ 12 የሥራ ቀን ሲቀረው ይዘጋል፤ ሳይዘጋ ስማችሁን አስገቡ።