ስለ ሕግ አገልግሎትና ስለ ቦኬ ባላገር

«የሕግ አገልግሎት» በተባለ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያስበው በችሎት ቆሞ የሚከራከረውን ጠበቃ ብቻ ነው። ነገር ግን በአዲስ አበባ ብዙ ዘመን የሠሩት የጥብቅና ቢሮዎች የሚሰጡት አገልግሎት ከዚህ የሰፋ ነው። ውል ያረቃሉ፤ የንግድ ማኅበርና የንግድ ምልክት ያስመዘግባሉ፤ ስለ ግብርና ስለ ሠራተኛ ጉዳይ ይመክራሉ፤ ክርክር በመጣም ጊዜ ይቆማሉ። ቀድሞ ፈቃዱ ለግለሰብ ጠበቃ ብቻ ይሰጥ ስለ ነበር፣ ጠበቆች በሽርክና የጥብቅና ድርጅት ለማቋቋም የተፈቀደላቸው በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው።

በምዕራብ ሐረርጌ በቦኬ የሚኖረው ባላገር ግን ይህን አገልግሎት የሚያገኘው ተበታትኖ ነው። ጠቡን አስቀድሞ የሚያየው የአገር ሽማግሌ፣ በኦሮምኛ ጃርሳ ቢያ የሚባለው ነው። ጉዳዩ የጋብቻ ወይም የውርስ የሆነ እንደ ሆነ፣ ሁለቱም ወገኖች ሲስማሙ፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊያየው ይችላል። ከዚህ ያለፈው ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት፣ ይግባኙም ወደ ጭሮ (የቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ) ይሄዳል።

እኛ በተለይ ልንመረምረው የፈለግነው ከፍርድ ቤት በር ላይ ያለውን ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። በአገራችን የወረዳ ፍርድ ቤቶች አካባቢ እንደ ተለመደው፣ ለብዙ ባለጉዳይ የመጀመሪያው የሕግ አማካሪ እርሱ ነው፤ ጠበቃ ግን አይደለም። ቀድሞ በአፍ በሚደረገው ሙግት የረታው ምላሱ የሰላ ነበር፤ ዛሬ ዳኛው አስቀድሞ የሚያየው ወረቀቱን ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ገበሬ ሰንጋዎቹን (የሐረር ሰንጋ ስሙ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው) በዱቤ ሸጦ 60,000 ብር ቀረበት እንበል። መክፈያው ቀን አልፏል። የዳኝነት ገንዘብ የሚከፈለው በተጠየቀው ገንዘብ መጠን ስለ ሆነ፣ ጸሐፊው «ለጊዜው ግማሹን ጠይቅ፤ ሌላው በኋላ ይደርሳል» ይለዋል። ምክሩ ለሰሚው ቀና ይመስላል። ነገር ግን በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከሳሽ ከአንድ ምክንያት የመነጨውን ሁሉ ባንድ ክስ እንዲያጠቃልል ያዝዛል፤ የተወውን ክፍል በሌላ ክስ ሊጠይቅ አይችልም። ገበሬው ረትቶ 30,000 ብር ይወስዳል፤ ቀሪው 30,000 ግን ቀረ። የዳኝነቱን ገንዘብ መክፈል ባይችል ኖሮ፣ ያው ሕግ «በደሃ ደንብ» ክስ ለመመሥረት እንዲያመለክት ይፈቅድለት ነበር። ይህን ለመናገር የሚበቃው የአንድ ሰዓት ምክር ነው፤ የጎደለውም እርሱ ነው።

በወንጀል ነገር የተከሰሰ ሰው ጠበቃ ለማቆም አቅም ባይኖረውና ፍትሕ የሚጓደል ሲሆን፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ይደነግጋል። ለሰንጋ ዋጋ ግን እንዲህ ያለ ድንጋጌ የለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 57 እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት 50 ሰዓት ያህል ነፃ አገልግሎት እንዲሰጥ ያስገድድ ነበር፤ ደንቡ ግን የፌዴራል ፈቃድ ያላቸውን የሚመለከት ነበርና ለቦኬ ጥቅሙ እምብዛም ነው። ከዚህ ይልቅ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ኮሌጅ በሐረርጌ ያካሄደው ነፃ የሕግ ድጋፍ ወደ ባላገሩ ይበልጥ ይቀርባል። እንደ እኛ አስተያየት፣ እንዲህ ያለው ድጋፍ መቀመጥ የሚገባው ከማመልከቻ ጸሐፊው ጠረጴዛ አጠገብ ነው።

ሥነ ሥርዓቱ ሌላም መንገድ ይከፍታል፤ ይኸውም ባል ወይም ሚስት፣ አባት፣ ወንድም ወይም ልጅ በውክልና ስለ ዘመዱ ሊቆም ይችላል። ኦሮምኛ የክልሉ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ ስለ ሆነ፣ የተማረ የገበሬ ልጅ በአባቱ ቦታ መናገር አያስቸግረውም። ሆኖም ልጁ ወደ ችሎቱ በሚቀርብበት ጊዜ 30,000 የሚለው ቁጥር በክሱ ላይ ቀድሞ ተጽፏል።