የልደታ ሰማይና የድሮን ከፍታ፤ ፈቃዱ ከዕቃው ይቅደም

ሰማይ ባለቤት የሌለው ሜዳ መስሎ ቢታይም፣ አውሮፕላን መብረር ከጀመረ ወዲህ እንደ መንገድ ሁሉ ልክና ሥርዓት ተበጅቶለታል። ለዚህም የልደታ ሰፈር የቆየ ምስክር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ጉዞ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ባደረገ ጊዜ፣ የከተማይቱ አየር ማረፊያ ልደታ ነበር። በ1955 ዓ.ም. የጄት አውሮፕላኖች ሲመጡ ግን የልደታ ሜዳ የማይስማማቸው ሆኖ ስለ ተገኘ፣ አዲሱ ጣቢያ በቦሌ ተሠራ። አካባቢው እስከ ዛሬ «ኦልድ ኤርፖርት» እየተባለ መጠራቱ ከዚያ የቀረ ነው።

ዛሬ በነጋዴው ዘንድ የሚታሰበው የአየር መሣሪያ ከጄቱ እጅግ ያነሰ ነው፤ ይኸውም ድሮን የሚባለው፣ አብራሪ የማይቀመጥበት፣ ከመሬት ሆነው የሚመሩት ትንሽ አውሮፕላን ነው። የሕንፃ ተቋራጩ የሥራውን ደረጃ ከላይ ለመመልከት፣ ቀያሹ መሬት ለመለካት፣ ፎቶግራፍ አንሺው ሠርግና በዓል ለመቅረጽ፣ ባለ እርሻው ሰብሉን ለመቃኘት ይፈልገዋል። ስለዚህ ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ ጦር ኃይሎች ባሉት የንግድ ቤቶች ድሮን ለመግዛት የሚያስብ ሰው ቢኖር አያስደንቅም። ነገር ግን ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው፤ መቅደም የሚገባቸው ጥያቄዎች ግን ሁለት ናቸው፤ ምን ያህል ከፍ ብሎ መብረር ይቻላል? ፈቃዱስ ከማን ይገኛል?

ስለ ከፍታ ሲነገር ሦስት ልዩ ልዩ ልኮች ስለሚደባለቁ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ ነው። ዲጄአይ የተባለው የቻይና ኩባንያ «ሚኒ 2» ለተባለው ድሮኑ 4,000 ሜትር፣ «ማቪክ 3» ለተባለው 6,000 ሜትር ብሎ ሲጽፍ ይህን ማለቱ ነው። ልደታ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የምትገኝ ስለሆነች፣ ከዚህ ልክ ገሚሱን ያህል መሬቱ ወስዶታል። ከዚህም በላይ በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነውና፣ የድሮኑ መዘውሮች ያንኑ ክብደት ለመሸከም ፈጥነው መዞር ግድ ይሆንባቸዋል፤ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የበረራ ደቂቃ እንዳለ አምኖ ከደንበኛ ጋር ውል መግባት ኪሳራ ያስከትላል።

ሁለተኛው ልክ ድሮኑ ከበታቹ ካለው መሬት የሚርቀው ነው። የብዙ አገሮች ሕግ የሚወስነው ይህንኑ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ለሥራ የሚበሩ ትናንሽ ድሮኖች 400 ጫማ፣ ማለት 120 ሜትር ያህል ተወስኖላቸዋል፤ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ የሚሠራበት ጠቅላላ ወሰን 120 ሜትር ነው። ቁጥሩ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። በዓለም አቀፉ የበረራ ደንብ መሠረት ሰው የጫነ አውሮፕላን፣ ከመነሣትና ከማረፍ በቀር፣ ሰው ባልበዛበት ቦታ እስከ 150 ሜትር ዝቅ ሊል ይችላል፤ በከተማ ላይ ግን በአቅራቢያው ካለው ረዥም ነገር 300 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ስለዚህ ድሮን በ120 ሜትር ሲወሰን፣ በሁለቱ መካከል የጥንቃቄ ክፍተት ይቀራል።

ሦስተኛው ልክ በመቆጣጠሪያው ማያ ላይ የሚታየው ቁጥር ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረውም ድሮኑ ከተነሣበት ቦታ ነው። አንድ ሰው 30 ሜትር ከፍታ ካለው ሕንፃ ጣራ ላይ አስነሥቶ ማያው 100 ሜትር ቢያሳየው፣ ከመንገዱ በላይ ያለው ግን 130 ሜትር ነው። ከእንጦጦ ጥግ የተነሣ ድሮንም ወደ ከተማው ሲያመራ መሬቱ ከበታቹ እየሸሸ ስለሚሄድ፣ ቁጥሩ ሳይለወጥ ከወሰኑ እጅግ ሊያልፍ ይችላል። ሕግን ማክበር የሚሻ ሰው እንኳ ይህን ባለማወቅ ሊሳሳት ይችላል።

ወሰኑን መጣስ የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. በለንደን አጠገብ ባለው በጋትዊክ አየር ማረፊያ ድሮን ታየ በመባሉ ብቻ ጣቢያው ከአንድ ቀን በላይ በረራ አቋርጦ፣ የ140,000 ያህል መንገደኞች ጉዞ ተሰናክሏል። ከልደታ ብዙ የማይርቀው ቦሌም የአፍሪካ ትልቅ የበረራ መናኸሪያ ነው።

በሀገራችን ግን የከፍታው ጥያቄ የሚመጣው ከፈቃዱ በኋላ ነው። ድሮን ወደ ኢትዮጵያ ለማስገባት የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርን ቅድመ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል፤ የበረራውን ደህንነት የሚመለከተው ደግሞ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ያለ ፈቃድ የመጣ ድሮን በጉምሩክ ይያዛል። የመሣሪያው ስም በቅርብ ዓመታት ከጦርነት ወሬ ጋር ተያይዞ የሚሰማ ስለሆነ፣ ጥብቅነቱ ምክንያት የለውም ሊባል አይቻልም።

ይሁን እንጂ ጥንቃቄና ሥራ አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች አሳይተዋል። ሩዋንዳ በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ደም በድሮን ወደ ሆስፒታሎች ማድረስ እንዲጀመር ፈቅዳለች። ማላዊም በሰኔ 2009 ዓ.ም. ከተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት ጋር ሆና በካሱንጉ 40 ኪሎ ሜትር ዙሪያውን የሚደርስ፣ ከፍታው እስከ 400 ሜትር የሆነ የመሞከሪያ ሰማይ ከፍታ ነበር። በሁለቱም ዘንድ ጠያቂው የት፣ ለምንና ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደሚበር አስቀድሞ ያውቅ ነበር። የእኛም ነጋዴ የሚመኘው የወሰኑን መነሣት ሳይሆን የወሰኑን መታወቅ ነው። የሚያስፈልገው ሰነድ፣ የተፈቀደው ቦታና ከፍታ፣ መልስ የሚሰጥበትም ቀን በአንድ ገጽ ተጽፎ በግልጽ ቢለጠፍ፣ ለሕግ አስከባሪውም ለነጋዴውም ድካም ይቀንሳል።

እስከዚያው ድረስ ለነጋዴው የሚበጀው ምክር፣ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ገንዘብ ወደ ውጭ ከመላኩና ከደንበኛ ቀብድ ከመቀበሉ በፊት ፈቃዱን በጽሑፍ በእጁ ማስገባት ነው። ለጥቂት ቀን ሥራ ብቻ የሚፈልገው ሰው ደግሞ መሣሪያውን ከመግዛት ይልቅ ፈቃድ ያለውን ባለሙያ ቢያሠራና ፈቃዱንም በዓይኑ አይቶ ቢዋዋል፣ ገንዘቡም ስሙም ይጠበቅለታል።