የቤዝ ጊታር ጆሮ

ከመገናኛ በኮተቤና በካራ በኩል ወደ ለገጣፎ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ቤዝ ጊታር ይዞ መቀመጥ ቀላል አይደለም። አንገቱ ረጅም ነው፤ ማስገቢያው ይጠፋል። ባለፈው ክረምት በዚህ መንገድ ሦስት ጊዜ የተመላለስኩት ከአንዲት ጣት ብዙም በማይበልጥ ዕቃ ምክንያት ነው። ሙዚቀኛ ፒካፕ ይለዋል። ከመኪናው ጋር ከስሙ በቀር የሚጋሩት ነገር የለም። ከክሮቹ ሥር የተቀበረችው ጥቁር ሞላላ ነገር እሱ ነው፤ የቤዙ ጆሮ ማለት ነው።

ውስጡ ሲታይ ማግኔት አለ፤ በማግኔቱ ዙሪያ ደግሞ ከፀጉር የማይወፍር፣ 0.06 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ የመዳብ ሽቦ ብዙ ሺህ ጊዜ ተጠቅልሏል። የብረቱ ክር ከማግኔቱ በላይ ሲርገበገብ ሽቦው ውስጥ ደቃቅ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። አምፕሊፋየሩ የሚያጎላው ያንን ነው። ስለዚህ ፒካፕ እንደ ማይክራፎን አየር አይሰማም፤ የሚከታተለው የብረት እንቅስቃሴን ብቻ ነው። የጅማት ወይም የናይለን ክር ባለው ክራር ላይ ቢገጠም ዝም ይላል።

ይህን የተረዳ ሰው ፒካፕ ሲመርጥ የመጀመሪያ ጥያቄው ስለ ስም አይሆንም። ክሩን የት ቦታ ላይ ላዳምጠው ነው የሚለው ይቀድማል። ቤዝ ካለዎት አሁኑኑ ይሞክሩት፦ አንዱን ክር ከአንገቱ መጨረሻ አጠገብ ይምቱት፤ ከዚያ ክሮቹ የሚታሰሩበት፣ ብሪጅ የሚባለው ብረት አጠገብ ይምቱት። እዚያ ወፍራምና ለስላሳ የነበረው እዚህ ደረቅና ቀጭን ይሆናል። ፒካፕም እንዲሁ ነው። ብሪጁ አጠገብ ክሩ ብዙ ስለማይወዛወዝ የመሠረቱ ድምፅ ይሳሳል፤ በላዩ የሚደረቡት ቀጫጭን ድምፆች ጎልተው ይወጣሉ። ወደ አንገቱ በቀረበ ቁጥር ሆዱ ይሞላል። ቦታው ደግሞ እንጨቱ ውስጥ ተቆፍሮ ያለቀ ነው። በዓለም ላይ ያለ ውድ ፒካፕ ቢገዛ ብሪጁ አጠገብ ያለውን ጉድጓድ አንገቱ ሥር አይወስደውም።

የሚታወቁት ዓይነቶች ጥቂት ናቸው። ሊዮ ፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው፤ በ1957 ፒካፑን ለሁለት ከፍሎ ሁለቱን ክር ለአንደኛው፣ ሁለቱን ለሌላኛው ሰጠ። ሁለቱ ጥቅልሎች ተቃራኒ ስለሆኑ ከውጭ የሚገባውን ጩኸት ያጣፋሉ። በ1960 ጃዝ ቤዝ በሁለት ረጃጅም ፒካፖች መጣ፤ አንዱ ወደ አንገቱ፣ አንዱ ወደ ብሪጁ። ከዚያ ወዲህ በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠሩ፣ አክቲቭ የሚባሉ ፒካፖች ተጨመሩ። እነሱ ላይ ኬብሉን ሰክቶ ማደር ባትሪውን ይጨርሳል።

በጩኸቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ለገጣፎ የምኖርበት ቤት ውስጥ ትልቁ ችግሬ እሱ ነበር። የአገራችን መብራት በ50 ኸርዝ ይሄዳል፤ ፒካፑም ያንን ይለቅመዋል። የቤዝ ወፍራሙ ክር ፍሬት ከሚባሉት የአንገቱ ብረቶች ሦስተኛው ላይ ሲያዝ 49 ኸርዝ ነው። ሃሚንግ የምንለው ያ እምምታ ከነድርቡ ቤዙ ራሱ በሚኖርበት ቤት ይኖራል ማለት ነው፤ በኢኳላይዘር ልቁረጥህ ቢሉት ቤዙን ይዞ ይሄዳል። ጃዝ ቤዝ ላይ ሁለቱ ፒካፖች እርስ በርስ እንዲጣፉ ሆነው ከተሠሩ ሁለቱም ቮልዩም እኩል ሲከፈት ጩኸቱ ይጠፋል፣ አንዱ ሲቀነስ ይመለሳል። ክሩን በእጅ ሲነኩት ጩኸቱ ቀነስ የሚል ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የፒካፑ አይደለም። የሽቦው ጉድጓድ በመዳብ ወረቀት አልተሸፈነም፣ ወይም የግድግዳው ሶኬት መሬት የለውም።

የእኔ ቤዝ የጃዝ ዓይነት ነው። ድምፁ ደክሞ ሲያስቸግረኝ ይዤው የሄድኩት በወጣትነታቸው ባንድ ውስጥ ቤዝ ይጫወቱ ወደነበሩ፣ አሁን ቤታቸው ሆነው መሣሪያ ወደሚጠግኑ ሰው ነበር።

«ጋሼ፣ ፒካፑን ልቀይረው አስቤ ነው፤ ምን ይሉኛል?»

«ቆይ እስቲ። ክሩን የቀየርከው መቼ ነው?»

«ሁለት ዓመት ይሆነዋል።»

«ታዲያ ፒካፑ ምን አደረገህ?»

አዲስ ክር ታሰረ። ቀጥለው ወፍራሙን ክር መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭነው ከክሩ እስከ ፒካፑ ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ለኩ። 3 ሚሊሜትር ገደማ፣ በቀጭኑ ክር በኩል ደግሞ ትንሽ ያነሰ መሆን ነበረበት፤ የእኔ 6 ነበር። በጎንና በጎን ያሉትን ብሎኖች በጠመንጃ መፍቻ ሲያላሉ ፒካፑ ከፍ አለ፣ ድምፁም አብሮ ተነሳ። አብዝቶ ማስጠጋትም ጥሩ አይደለም፤ ማግኔቱ ክሩን ይስበውና ቅኝቱ ይንቀጠቀጣል። ስንት ሰው በዚህ አንድ ብሎን ምክንያት አላስፈላጊ ገንዘብ አውጥቶ ይሆን ብዬ ሳስብ ያሳዝነኛል።

ብሪጁ አጠገብ ያለው ግን ድምፅ አልሰጥ አለ። ጋሼ ቴስተራቸውን አመጡ። የአንገቱ ፒካፕ 7 ኪሎ ኦም ከምናምን አነበበ፣ ለጃዝ ቤዝ ጤነኛ ቁጥር ነው። ፕሪሲዥን ቢሆን 10 አካባቢ ይጠበቃል። የብሪጁ ምንም አላነበበም፤ ያ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ውስጥ ለውስጥ ተበጥሷል። ሞተር ጠቅላዮች ዘንድ ብወስደውስ አልኳቸው። የእነሱ ሽቦ እንደሚወፍርና ጉድጓዱ ውስጥ የሚፈለገው ዙር ያህል እንደማይገባ ነገሩኝ።

ስለዚህ መግዛት ግድ ሆነ፤ ያኔ ምን ዓይነት ድምፅ እንደምፈልግ ማሰብ ጀመርኩ። የድሮዎቹን መለስ ብዬ አዳመጥኩ። እ.ኤ.አ. በ1975 ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር «ኧረ መላ መላ»ን ሲቀርጽ ቤዙን የያዙት ጆቫኒ ሪኮ ናቸው። የዋልያስ ባንድ «ሙዚቃዊ ስልት» ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቤዙ ላይ የተቀመጠ ነው፤ ዜማውን የረሳ ሰው እንኳ ቤዙን ያንጎራጉረዋል። በሁለቱም ቤዙ ክብ ነው፣ ግን ቃሉ ይሰማል፤ ከበሮው ሲመታ አይዋጥም።

እዚህ ላይ የራሴ አቋም አለኝ። ብዙ ገዢ «ወፍራም ድምፅ» ብሎ ነው የሚጠይቀው። የእኛ ሙዚቃ ግን በብዛት የሚሰማው በሠርግ ድንኳን ስፒከርና በስልክ ነው። ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ 41 ኸርዝ ነው፤ ስልክ ያንን አያወጣውም። ጆሮ ግን በላዩ የተደረቡትን ቀጫጭን ድምፆች ከሰማ ያልተሰማውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል። በተለይ በችክችካ ምት፣ ከበሮው ታችኛውን ቦታ ሲይዘው ቤዙን የሚያድነው መሀለኛው ድምፅ ነው። አዲስ የሚገዛ ሰው አንድ ቤዝ ብቻ የሚኖረው ከሆነ ለሁለት የተከፈለውን የፕሪሲዥን ዓይነት እመክረዋለሁ። ቀስ ባለ ትዝታ ላይ ጣቱ የሚያደርገውን ሁሉ ማሰማት ለሚፈልግ ደግሞ ጃዝ ይሻለዋል። የእኔ ጉድጓድ የጃዝ ስለሆነ ምርጫው አልቋል፤ ለስለስ ያለ ማግኔት፣ አልኒኮ የሚባለውን፣ ባትሪ የማይፈልገውን መረጥኩ። አክቲቩን ብወስድ ኖሮ ቮልዩሞቹንም መቀየር ነበረብኝ፤ የእኔዎቹ 250 ኪሎ ኦም ናቸው፣ ለእሱ የሚሆኑት 25 ናቸው።

ዕቃው የመጣው አሜሪካ ካለች የአክስቴ ልጅ በሰው እጅ ነው። ሁለት ወር ጠብቄ ስከፍተው ጉድጓዱን አልሞላ አለ። የጃዝ ቤዝ ሁለቱ ፒካፖች እኩል ይመስላሉ እንጂ አይደሉም፤ የአንገቱ 92 ሚሊሜትር ገደማ፣ የብሪጁ 94 አልፎ ነው። እኔ «የጃዝ ፒካፕ» ብቻ ብዬ ነበር የጻፍኩላት። ሌላ ተጓዥ እስኪገኝ ሌላ ወር ሄደ። ሰው በሻንጣው ይዞልን የሚመጣ ዕቃ በቀላሉ አይመለስም፤ መልእክቱ ከመላኩ በፊት ማስመሪያ ይዞ ርዝመቱንና የብሎኖቹን ቦታ ለክቶ፣ ፎቶ አንስቶ መላክ ነው።

ትክክለኛው ሲደርስ ለመበየድ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ጋሼ ቮልዩሙን ከፍተው የጠመንጃ መፍቻውን ጫፍ በማግኔቶቹ ላይ አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረጉ። ጧ፣ ጧ እያለ መለሰ። ሁለቱን ፒካፕ አንድ ላይ ስንከፍት ግን ቤዙ ድንገት ከሳ፤ ሆዱ የተነጠቀ ያህል ሆነ። ጋሼ አልደነገጡም። «ተቃርነዋል» አሉና የአዲሱን ሁለት ሽቦዎች አቀያይረው በየዱ። እንደገና ወፍራሙን ክር መታሁት። የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ።