ስለ ምድር ውስጥ ትኩሳትና ስለ እንጦጦ ከፍታ

አየሩ በጠራ ዕለት፣ ከኮተቤ በላይ ባለው በየካ ተራራ ጀርባ ቆሞ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው፣ የየረርን ጫፍ፣ ራቅ ብሎም የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ያረፈበትን የዝቋላን ራስ ያያል። ሁለቱም በጥንተ ዘመን እሳት ሲተፉ የኖሩ ናቸው፤ አባቶቻችን የካ ዋሻ ሚካኤልን የፈለፈሉበት አለትም ከዚያው ከእሳት ወገን ነው። እስከ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የቆመው እንጦጦ ከ20 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ከከርሠ ምድር በወጣ ትኩስ አለት የተከመረ ሲሆን፣ የደጋችን መሠረት የሆነው ጥቁር ድንጋይ ደግሞ ከእርሱ አስቀድሞ፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ እንደ ጎርፍ ፈስሶ ነበር።

ይህ ሁሉ ሙቀት ከወዴት መጣ? ከፊሉ ምድር ስትፈጠር የወረሰችው ነው፤ ከፊሉንም ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታሲየም በአለቱ ውስጥ ሲፈርሱ ይወልዱታል። ብዙ ሰው ከእግሩ በታች የቀለጠ ባሕር የተዘረጋ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ከቅርፊቱ በታች እስከ 2,900 ኪሎ ሜትር የሚወርደው ማንትል የተባለው ክፍል፣ ከጥቂት ስፍራ በቀር፣ ጠጣር አለት ነው። ሆኖም የጧፍ ሰም ሳይቀልጥ በፀሐይ ሙቀት እንደሚጎብጥ፣ ይህም አለት በአእላፋት ዓመታት ውስጥ ይፈስሳል፤ የሞቀው ቀልሎ ይወጣል፣ የበረደውም ከብዶ ይወርዳል። ፕሌቶች የሚባሉት፣ ውፍረታቸው ብዙውን ጊዜ 100 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው የምድር ሰሌዳዎች የዚሁ ዑደት የበረደ ገጽ ናቸው፤ ከሚያንቀሳቅሷቸውም ኃይሎች ታላቁ፣ አርጅቶና ቀዝቅዞ ወደ ጥልቁ የሚሰጥመው የውቅያኖስ ወለል የኋላውን እየጎተተ መውረዱ ነው።

አፍሪካ ግን እንዲህ የሚሰጥም ጠርዝ ያላት በሰሜን፣ በሜዲትራኒያን በኩል ብቻ ነው። ስለዚህ የእኛ ነገር ልዩ ትኩረት ይገባዋል፤ ከኢትዮጵያ በታች ከጥልቁ የሚወጣው ትኩስ አለት ምድራችንን ወደ ላይ አነሣት፤ ከፍ ያለውም ምድር በገዛ ክብደቱ ወደ ጎንና ጎን ሊዘረጋ ይሻል። እንጦጦ የቆመው በዚህ መዘርጋት ከተከፈተው ከስምጥ ሸለቆው ትከሻ ላይ ነው፤ ከሸለቆው ወዲህና ወዲያ ያሉት የኑቢያና የሶማሊያ ፕሌቶችም በዓመት 5 ሚሊሜትር ያህል ይራራቃሉ።

ይህ አዝጋሚ መራራቅ ለዘመናት ተጠራቅሞ አንዳንዴ በአንድ ጊዜ ይገለጣል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር፣ በዳባሁ፣ የቀለጠ አለት ከታች ሰንጥቆ ሲገባ፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ምድር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፎቆች ላይ ያሉትን ሰዎች ከእንቅልፍ የቀሰቀሰው ነውጥም፣ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ባሉት በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች በኩል የቀለጠ አለት በዚሁ መንገድ ሲገባ የተነሣ ነው።